የ600 ብር ውርንጭላ፦ የአስኮት ‹ቪአይፒ› ጥቆማን ለአንድ ሳምንት ሞክሬው

አቦ ቀጥታ ልግባ። የምጽፈው ከፍዬ ስለገባሁበት አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም፤ በሳምንቱ ስሙንና ፎቶውን ቀይሮ ይመጣል። የሚሸጠው የፈረስ ውድድር ጥቆማ ነው። ለዚያውም ተራ ውድድር አይደለም። በየዓመቱ በሰኔ ወር እንግሊዝ አገር የሚደረገው ሮያል አስኮት ነው፣ ከእሱም ውስጥ የሁለት ዓመት ፈረሶች ብቻ የሚሮጡባቸው ስድስቱ ውድድሮች። ዋጋው 600 ብር። በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ስክሪንሾቱን ትልካላችሁ፣ ከዚያ ‹ቪአይፒ› ወደሚሉት ክፍል ትገባላችሁ።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አንድ ተኩል። ግማሿ ከየት እንደመጣች ወደ ታች አለ።

ጊዜው ሰኔ 2016 ነው፣ አረፋ ካለፈ በሁለተኛው ቀን። ድሬዳዋ በሰኔ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። አስፋልቱ ይፋጃል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የአውሮፓ ዋንጫ ነበር። ከዚራ አካባቢ የምናዘወትራት ቤቲንግ ቤት መቆሚያ የላትም፣ ሰዉ ቱርክ ከጆርጂያ፣ ፖርቱጋል ከቼክ እያለ ቲኬት ይቆርጣል። እኔ በእግር ኳስ ተበልቼ ተበልቼ ስለሰለቸኝ ሌላ ነገር አማረኝ። ሰው የተራበ ጊዜ የማይበላው የለም።

የቻናሉ ማስታወቂያ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ‹ንጉሡ የሚታደሙበት ውድድር፣ የውስጥ መረጃ፣ መቶ በመቶ ሹር።› ንጉሡ መታደማቸው እውነት ነው። አስኮትን በፈረንጅ 1711 ያስጀመረችው ንግሥት አን ናት፣ እስካሁንም ቤተ መንግሥቱ በየቀኑ በሠረገላ ሜዳውን አቋርጦ ነው የሚገባው። ‹የውስጥ መረጃ› የሚለው ግን የት ውስጥ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ሳይገባኝ ቀረ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የእኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት የአስኮትን ፈረስ አይቀበልም። እዚያ ያለው ፈረስ በኮምፒውተር የተሰራ ነው፣ በየተወሰነ ደቂቃው ስክሪኑ ላይ ይሮጣል፣ አሸናፊው በዕጣ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ በእውነተኛ ብር አልተወራረድንም። በርጫ የምንቀመጠው አራት ነን። ደብተር አወጣን። አንዱ አሲያዥ ሆነ፣ ኦዱን (ያሸነፈ ፈረስ ስንት እጥፍ እንደሚከፍል) ከኢንተርኔት እያየ ይጽፋል። እኔ የቻናሉን ጥቆማ ይዤ በእያንዳንዱ ውድድር 100 ብር ‹አስይዛለሁ›። ስድስቱ ሲያልቁ ደብተሩ ኪሳራ ካሳየ የቅዳሜውን ጫት የምገዛው እኔ ነኝ፣ ትርፍ ካሳየ ሦስቱ። እውነተኛው ወጪዬ 600ው ብቻ ነበር። ጫቱ ሲጨመር ደግሞ... እሱን እንተወው።

ሰኞ ከሰዓት፣ ገና ምንም ሳይጀመር፣ ያለ ክፍያ ያገኘሁትን ጥቆማ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጥላ ስር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ‹ጋሼ፣ የሁለት ዓመት ፈረስ ላይ ልወራረድ ነው› አልኳቸው።

‹የስንት?›

‹የሁለት።›

ሳቁ። ‹አንተ ልጅ፣ እሱ እኮ ገና የወተት ጥርሱን አልጣለም። ውርንጭላ ነው እንጂ ፈረስ ይባላል? ጠባዩን ሳታውቅ በምን ትወራረዳለህ?›

ለካ ጥያቄው ይሄው ነበር። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን መጣል የሚጀምረው ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። የአስኮት ‹የሁለት ዓመት› ፈረሶች ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላቸውም። እዚህ ላይ ቻናሉ አንድም ቀን ያልነገረን አስቂኝ ነገር አለ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚወለድ የውድድር ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። መቼም ይወለድ፣ በዚያ ቀን ሁሉም አንድ ዓመት ይጨምራሉ። በእኛ አቆጣጠር ብታስቡት፣ አንዱ ለጥምቀት ሰሞን የተወለደ ነው፣ አንዱ ለግንቦት ልደታ። ሰኔ ላይ ሁለቱም ‹ሁለት ዓመታቸው ነው› ተብለው እኩል ይሰለፋሉ። ለትልቅ ፈረስ አራት ወር ምንም አይደለም። ለውርንጭላ ግን ነርሰሪ ውስጥ እንዳለ ልጅ ነው፣ አራት ወር የሚበልጠው ልጅ ጓደኛውን ገፍቶ ብስኩቱን ይቀማዋል። የእያንዳንዱ ፈረስ የተወለደበት ቀን ደግሞ ሚስጥር አይደለም፣ ተመዝግቦ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው። 600 ብር የሚያስከፍል ጠቋሚ ቢያንስ እሱን አይቶ ሊነግረን ይገባ ነበር። አልነገረንም።

ስድስቱ ውድድሮች እንዲህ ናቸው። ማክሰኞ ኮቨንትሪ፣ ረቡዕ ኩዊን ሜሪ እና ዊንዘር ካስል፣ ሐሙስ ኖርፎክ፣ ዓርብ አልባኒ፣ ቅዳሜ ቼሻም። ኩዊን ሜሪና አልባኒ የሴት ፈረሶች ናቸው። ርቀታቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ረጅሙ ቼሻም እንኳ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው። ሁሉም በቀጥታ መስመር ነው፣ መታጠፊያ የለም። አንድ ደቂቃ ከምናምን፣ አለቀ። ሻይ አዝዛችሁ ሳይመጣ ያልቃል።

ቻናሉን ማመስገን ካለብኝ የመጀመሪያዋ ሩብ ኮከብ የሰዓት ናት። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ነው የላከው። የአስኮት የመጀመሪያ ውድድር በእነሱ 2:30 ነው፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። ለበርጫ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፣ ጫቱ ገና መያዝ የሚጀምርበት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ የኮቨንትሪ ጥቆማ መጣ። ከአየርላንዱ አሰልጣኝ ከኤይደን ኦብራየን ግቢ የሚመጣ ፈረስ ነው። አምስት የእሳት ምልክት፣ ሦስት የገንዘብ ከረጢት፣ ‹ዛሬ የሚተኛ የለም› የሚል ጽሑፍ። ምክንያት? ባዶ። እውነት ለመናገር ኦብራየን መጥራት ስህተት አይደለም፣ ኮቨንትሪን ደጋግሞ ያሸነፈ ሰው ነው፣ በ2016 በካራቫጆ፣ በ2019 በአሪዞና፣ በ2023 በሪቨር ታይበር (እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)። ግን ይሄንን ለማወቅ 600 ብር አያስፈልግም። ‹ብራዚል ጎበዝ ናት› ብሎ እንደመሸጥ ነው።

እኔ ጥቆማውን እንዳየሁ ሐረር ላለ ጓደኛዬ ፎርዋርድ አደረግኩለት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

11 ሰዓት ከ5 ላይ ሮጡ። ያሸነፈው ራሻባር የሚባል ፈረስ ነው። 80 ለ1! 100 ብር ያስያዘ 8,000 ያተርፋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት አንድም ውድድር አሸንፎ አያውቅም። የጋለበው የ18 ዓመት ልጅ ነው፣ ቢሊ ሎክኔን። ያሸነፈበት ልዩነት ደግሞ የአፍንጫ ያህል፣ ቃል በቃል በአፍንጫ። እኛ ደብተሩ ላይ 100 ብር ጻፍንና ሰረዝንበት።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማታ ፖርቱጋል እየተጫወተች ቻናሉን ከፈትኩ። የጠዋቱ ጥቆማ ተለውጧል። አሁን የሚለው ‹ዋናው ፈረሳችን ኦብራየን፣ በድብቅ የያዝነው ራሻባር› ነው። ከሥሩ የደስታ ምልክት በሽ ነው፣ ‹80 ኦድ በላን!› የሚሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። እኔ ራሴን ተጠራጠርኩ። አቦ ሙቀቱ ነው እንዴ? ጫቱ ነው? ከዚያ ትንሿን ‹ኤዲትድ› የምትል ምልክት ከሰዓቱ አጠገብ አየኋት። ሐረር ደወልኩ። ጓደኛዬ ጋ ያለው ፎርዋርድ እንደጠዋቱ ነው፣ ራሻባር የሚባል ስም በዞረበት የለም። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ዋናው ቢቀየርም አብሮ አይቀየርም። እነሱ ይህን ረስተውታል፣ ወይም ማን ያመሳክራል ብለው ነው።

ኮከቡ የወደቀው እዚህ ነው። መሸነፋቸው አይደለም። በሁለት ዓመት ፈረስ ላይ የማይሸነፍ የለም። የአስኮትን ታሪክ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በሮያል አስኮት ከሁሉም በከፍተኛ ኦድ ያሸነፉት ፈረሶች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም 150 ለ1፣ ሁለቱም የሁለት ዓመት ውድድር ላይ። አንዱ በ2020 ኮቨንትሪን የወሰደው ናንዶ ፓራዶ ነው፣ ሌላው በ2023 ኖርፎክን የወሰደው ቫሊያንት ፎርስ። አስኮት ላይ ትልልቅ ፈረሶችም በብዛት ይሮጣሉ፣ ግን ዓለምን የሚያስደነግጠው ውጤት ከእነዚህ ውርንጭላዎች መጣ። ለምን? ማንም ስለማያውቃቸው ነዋ። አብዛኞቹ አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሮጡት። አንዱ በጭቃ ሮጦ ተሸንፏል፣ እዚህ መሬቱ ደረቅ ነው። አንዱ ባለፈው ወር ቀጭን ነበር፣ ዛሬ አድጓል። ጋሼ ያሉት ይሄንኑ ነው፣ ጠባዩ አልታወቀም። በዚህ ውድድር ላይ ‹መቶ በመቶ ሹር› የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ረቡዕ ሁለቱንም ተበላን። ኩዊን ሜሪን ሊዮቫኒ የምትባል ሴት ወሰደች፣ አሰልጣኟ ካርል በርክ። ዊንዘር ካስልን ኤይንት ኖባዲ ወሰደ። የእኛዎቹ የት እንደቀሩ እንኳ አላየሁም። ማታ ቻናሉ ትንሽ ዝም አለና አዲስ መመሪያ ላከ፦ ‹ኪሳራን ለመመለስ በሚቀጥለው እጥፍ አስይዙ።›

እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ። ማክሰኞ 100። ረቡዕ አንደኛው 200፣ ሁለተኛው 400። ሐሙስ 800። እስከዚህ ከተበላችሁ 1,500 ብር ሄዷል፣ ዓርብ የምታስይዙት 1,600 ነው። አሥራ ስድስት እጥፍ! አምስተኛው ውርርድ ላይ ይህን የሚችል ኪስ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ 600 ብር ከፍሎ ቪአይፒ ውስጥ ምን ያደርጋል? እኛ በደብተር ስለሆንን ሳቅን። ከሥሩ ‹እሺ አለቃ› ብለው የመለሱ ልጆች ግን ነበሩ። ያን ማታ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ሐሙስ የኖርፎክ ቀን ነው። ጥቆማችን መጣ፣ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። በዚያው ሰዓት ሐረር ያለው ጓደኛዬ ደወለ። እሱ ማክሰኞ ከእኔ ጋር ከተሳሳቀ በኋላ ለካ ራሱም ከፍሎ ገብቷል! ‹ምን ልሁን ብለህ ነው?› አልኩት። ‹አቦ ተወኝ፣ ፈረስ መጋላ ተቀምጬ ፈረስ ባልወራረድ ነውር ነው› አለኝ።

(ለማያውቁ፦ ፈረስ መጋላ የሐረር ጀጎል እምብርት ነው፣ ትርጉሙ የፈረስ ገበያ። ዛሬ ፈረስ አታዩበትም፣ ባጃጅና ታክሲ ነው የሞላው። ግን ፈረስና ሐረርን መለያየት ይከብዳል። የሐረሩ ገዥ የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር፣ በኋላ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙ የመጣው ከዚያው ነው። እኛ ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ። የፈረንጅ ፈረስ ስም ግን ግራ ነው የሚያጋባው። ‹ሼርሆልደር› ማለት ባለአክሲዮን ማለት ነው። ፈረሱን ባለአክሲዮን ብሎ የሚጠራ ሰው ጦርነት ሄዶ አያውቅም።)

ሼርሆልደርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጓደኛዬ የደረሰው ጥቆማ እሱ ነበር። የእኔ ሌላ ፈረስ። አንድ ቻናል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ውድድር፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ፈረስ። ሼርሆልደር አሸነፈ። እሱም የካርል በርክ ነው፣ ሰውዬው በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት የሁለት ዓመት ውድድር በላ። ማታ ቻናሉ ዋና ገጹ ላይ ከጓደኛዬ ክፍል የተነሳ ስክሪንሾት ለጠፈ፦ ‹ቪአይፒዎቻችን ዛሬም በሉ።› የእኔ ክፍል? ጭጭ። ጥቆማው ራሱ ጠፍቷል፣ አጥፍተውታል።

አሠራሩ ገባችሁ? አሥር ክፍል ክፈቱ፣ ለእያንዳንዱ የተለያየ ፈረስ ስጡ። ከአሥሩ አንዱ ጥሩ ዕድል አለው። ያ ክፍል እናንተን ነቢይ ይላችኋል፣ በሚቀጥለው ወር ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ዘጠኙን አጥፍታችሁ በአዲስ ስም ትከፍታላችሁ። ስለ ፈረስ ምንም ማወቅ አይጠይቅም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፣ የእነዚህ ፈረስ ግን የሚያደርሰው ባለቤቱን ብቻ ነው።

ዓርብ በላን። በመጨረሻ! አልባኒን ፌሪ ጎድማዘር ወሰደች፣ ኦብራየን አሰልጥኗት፣ ራያን ሙር ጋልቧት። ሩጫውን በኋላ ዩቲዩብ ላይ አየነው፣ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ከኋላ ታፍና ነበር፣ ፊት ለፊቷ ግድግዳ የሆኑ ፈረሶች፣ መውጫ የለም። አለቀላት ብላችሁ ስታስቡ ቀዳዳ አገኘችና እንደ ጥይት ወጣች። አሲያዡ ጓደኛችን ራሱ ተነስቶ ጮኸ፣ ብሩ ከእሱ እየወጣ መሆኑን ረስቶ። አንድ ደቂቃ ከምናምን ውስጥ ይሄን ያህል ነገር አለ፣ ለዚህ ደግሞ ቻናልም ቪአይፒም አያስፈልግም።

ቅዳሜ ቼሻም። የቀረችዋ ሩብ ኮከብ እዚህ ናት። ቻናሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያት ሰጠ፣ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ላከ። የሚናገረው ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ፈረስ የሚያውቅ ልጅ ነው፣ የእሳት ምልክት አልደረደረም። ያለው በአጭሩ ይሄ ነው። ቼሻም ላይ የሚሮጥ ፈረስ አባቱ ወይም እናቱ ረዘም ባለ ርቀት ያሸነፉ መሆን አለባቸው፣ ደንቡ ነው። ስለዚህ ዘር እዚህ ከሌሎቹ ውድድሮች ይልቅ ይናገራል። ቤድታይም ስቶሪ የምትባለው ሴት አባቷ ፍራንኬል ነው፣ 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም ያሸነፈው። እናቷ ሜካስ ኤንጀል ደግሞ የአጭር ርቀት ፈጣን ነበረች። ከአባት ርቀት፣ ከእናት ፍጥነት። በዘጠኝ ተኩል የፈረስ ርዝመት ርቃ አሸነፈች። ሁለተኛው ሲገባ እሷ ቤቷ ደርሳ ነበር ማለት ይቻላል።

ግን ሁሉም ሰው ያወቃት ስለነበረች ኦዷ ከሲታ ነበር። ደብተሩ ሲደመር፦ 600 ወጪ፣ ከስድስት ሁለት ትክክል፣ ሁለቱም ከፊት የተጠበቁ ሴቶች፣ ያመጡት ብር የአራቱን ኪሳራ አልሸፈነም። የቅዳሜን ጫት ገዛሁ። የአወዳይ ነበር፣ ቢያንስ እሱ አላሳፈረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። የዚያን የቅዳሜውን ልጅ ድምፅ ስድስት ጊዜ ቢልኩልን ኖሮ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም 600ውን አልቆጭበትም ነበር። የሚነገር ነገር ሞልቷል። ለምሳሌ የአሜሪካው አሰልጣኝ ዌስሊ ዋርድ። በ2009 መጥቶ ኩዊን ሜሪን በጄለስ አጌይን፣ ዊንዘር ካስልን በ33 ለ1 ስትራይክ ዘ ታይገር ሲወስድ እንግሊዞቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሚስጥሩ ፈረሶቹ ከመነሻ በሩ ሲወጡ ነው፣ የአሜሪካ ፈረስ ገና ከጅምሩ መፍጠንን ነው የሚማረው። በአንድ ኪሎ ሜትር ቀጥታ ሩጫ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2016 ሌዲ ኦሬሊያ ኩዊን ሜሪን በሰባት የፈረስ ርዝመት ስትወስድ ያየ ሰው ያውቀዋል። በ2013 ኖርፎክን የወሰደለት ኖ ኔይ ኔቨር ደግሞ በኋላ አባት ሆነ፣ ያ የ2019ኙ የኮቨንትሪ አሸናፊ አሪዞና ልጁ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ቢነግሩኝ እኔ ራሴ ማሰብ እጀምር ነበር።

የመነሻ ሳጥን ቁጥርም አለ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሃያ ምናምን ፈረስ ሲሮጥ ለሁለት ይከፈላሉ፣ ግማሹ በዚህ አጥር ግማሹ በዚያኛው። ፈጣኖቹ የተሰበሰቡበት ወገን አብሮ ይጎተታል፣ ሌላኛው ወገን ላይ ብቻውን የቀረ ጎበዝ ፈረስ ከማን ጋር እንደሚሽቀዳደም እንኳ አያይም። ስለዚህም አንድ ቃል የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የቦታ ውርርድን አለማንሳታቸው ነው። 100 ብራችሁን ለሁለት ትከፍላላችሁ፣ 50 ያሸንፋል ብላችሁ፣ 50 ከሦስቱ አንዱ ይሆናል ብላችሁ። ስምንትና ከዚያ በላይ ፈረስ በሚሮጥበት እንዲህ ባለ ውድድር ሦስተኛ ድረስ የኦዱን አምስተኛ እጅ ይከፍላሉ። 20 ለ1 ያለ ፈረስ ሦስተኛ ቢወጣ የቦታው ኦድ 4 ለ1 ነው፣ 50ዋ 250 ሆና ትመለሳለች። ማንም የማያውቃቸው ሃያ ውርንጭላዎች በሚሮጡበት ሜዳ ላይ ‹አሸናፊውን አውቃለሁ› ከማለት ይሄ አይሻልም? ግን ‹ሦስተኛ ሊወጣ ይችላል› የሚል ማስታወቂያ አይሸጥም፣ የእሳት ምልክትም አይመቸውም።

ሳልረሳው፣ ይሄው ቻናል ለሰፈራችን የኮምፒውተር ፈረሶችም ጥቆማ ይሸጣል። በቀን 50 ብር። ለቤቲንግ ቤቷ ካሸር ነገርኳት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ‹ኮምፒውተሩ ራሱ የማያውቀውን እነሱ ከየት አወቁት?› አለችኝ።

ገንዘቤን መልሱ ብዬ ጻፍኩ። የሁለቱን መልእክት ልዩነት፣ ፎርዋርዱንና ኤዲት የተደረገውን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁ። ‹ወንድም፣ ውርርድ ትዕግሥት ይፈልጋል› የሚል መልስ መጣ፣ ከዚያ አስወጡኝ። ጓደኛዬን ግን አላስወጡትም፣ እሱ እኮ ‹የበላው› ክፍል ውስጥ ነው። በማግስቱ ለእሱ አዲስ ማስታወቂያ ደረሰው፦ የሐምሌ መጨረሻው የጉድውድ (ሌላ የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር) ፓኬጅ፣ 900 ብር፣ ለነባር ደንበኞች 800።

አሁንም መግዛት የሚፈልግ ካለ፣ ልከለክላችሁ አልችልም፣ እኔም ተከልክዬ አልቀረሁም። ግን ጥቆማው እንደመጣ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ለሌላ ሰው ፎርዋርድ አድርጉት። ከዚያ በሌላ ስልክ ሌላ ክፍል ግቡና ፈረሱ አንድ መሆኑን እዩ። ሐረር ያለው ጓደኛዬ ባይኖር ኖሮ እስካሁን ራሻባርን በልተናል ብዬ አወራላችሁ ነበር።